መዝሙሬን ወደዱት፣ የማን እንደሆነ ግን አላወቁም

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?

የ26 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር 9 ዓመት አገልግያለሁ። ግጥምና ዜማም እሠራለሁ። አምና ብር አጠራቅሜ አዲስ አበባ ወረድኩና አንድ መዝሙር ስቱዲዮ አስቀረጽኩ። ዩቲዩብ ላይ ጫንኩት፤ ሰሚ ግን አላገኘም።

በቅርቡ ኮንፈረንስ ላይ ተቀምጬ ሌላ ኳየር ያንኑ መዝሙር ዘመረው። ሕዝቡ አለቀሰ። መድረክ መሪው «ይሄ ከአዲስ አበባ የመጣ መዝሙር ነው» አለ። «የኔ ነው» ብል ክብር ፈላጊ እባላለሁ። ዝም ስል ደግሞ አንጀቴ ያራል። ደብረ ሲናም ሸዋሮቢትም እንደኔ ብቻቸውን የሚለፉ ዘማሪዎች አሉ፤ ግን አንገናኝም። ልተወው ይሆን?

*

ወንድሜ፣ እንዳትተወው።

ስምህ እንዲነሳ መፈለግ ነውር አይደለም። መዝሙረ ዳዊትን ግለጥ፤ «የአሳፍ መዝሙር» የሚል ታገኛለህ። አሳፍን ክብር ፈላጊ ያለው የለም። 1ኛ ዜና መዋዕል 25ም የዘማሪዎቹን አለቆች በስም ይዘረዝራል። አብረው የተማሩት ደግሞ 288 ነበሩ። ታናሹም ታላቁም፣ መምህሩም ደቀ መዝሙሩም እኩል ዕጣ ይጥሉ ነበር። ይህን ምዕራፍ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሕጉም ካንተ ጋር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሥራህን ከፈጠርክበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቅልሃል፤ ባታስመዘግበውም እንኳ። የሥራው ባለቤት ተብለህ የመጠራት መብትም ይሰጥሃል። ግን በሕግ አትጀምር። ኳየሩ የሰረቀህ አይመስለኝም። ዩቲዩቡ ላይ «ግጥምና ዜማ» ብለህ ስምህንና ከተማህን ጽፈሃል? ካልጻፍክ ዛሬውኑ ጻፍ። ከዚያ የኳየሩን መሪ ቡና ጋብዘው። ስለዘመሩልህ አመስግን፤ ቀጥሎ ሲዘምሩት ስምህን እንዲጠሩ በግልጽ ጠይቅ። ይሄ ልመና አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብቻችሁን የምትለፉት ዘማሪዎች ተሰባሰቡ፤ ለመጀመር ሦስት አራት ሰው ይበቃል። ከሸዋሮቢት የሚነሳው ደብረ ሲናን አልፎ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ አንተው ጋ ይደርሳል። በወር አንድ ቅዳሜ ተገናኙ። እያንዳንዱ የራሱን አንድ መዝሙር ይዞ ይምጣ፣ ሌሎቹም ያጥኑት። እሁድ በየቤተ ክርስቲያናችሁ ስትዘምሩት መጀመሪያ የሠራውን ሰው ስም ጥሩ። መድረክ ላይ «ይሄ ከደብረ ሲና የመጣ መዝሙር ነው» ሲባል መስማት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ያንተን አታስቀድም። ከሩቅ የመጣው ይጀምር።