ያለ ቀሪ መካፈሉ ብቻ አይበቃም፦ ስለ ኢንተግረብል ስርዓቶችና ልዩ ፖሊኖሚያሎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በኢንተግረብል ስርዓቶች (በውስጣቸው ባለ ሥርዓት ምክንያት በትክክል ሊፈቱ በሚችሉ እኩልታዎች) ላይ ዶክትሬት ከጀመሩና ሊጀምሩ ካሰቡ አንባብያን የመጡ ናቸው። ለአጻጻፍ እንዲመች ተለዋዋጩን ዘ፣ የሚፈለገውን ፋንክሽን ወ፣ ፓራሜትሩን አ፣ ፖሊኖሚያሉን ቀ፣ ተራ ቁጥሩን ነ ብለናል። ጭረቷ ዲሪቬቲቭን ታመለክታለች። ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የያብሎንስኪ–ቮሮቢየቭ ፖሊኖሚያሎችን በኮምፒውተር አሰላሁ። እስከ ቀ(12) ድረስ ማካፈሉ ያለ ቀሪ ይወጣል። ውጤቱን ወደ ሁለተኛው የፔንለቬ እኩልታ ስመልሰው ግን እኩልታው አይሟላም። ማካፈሉ ልክ ከሆነ ስህተቱ የት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ከቀመሮቹ እንነሳ። እኩልታው

ወ″ = 2ወ³ + ዘ·ወ + አ

ነው። ራሽናል መፍትሔ (የሁለት ፖሊኖሚያሎች ክፍልፋይ የሆነ) የሚኖረው አ ኢንቲጀር ሲሆን ብቻ ነው። ያብሎንስኪ በ1959፣ ቮሮቢየቭ በ1965 ባቀረቡት መንገድ፣ አ = ነ ሲሆን መፍትሔው የ«ሎግ ቀ(ነ−1) ሲቀነስ ሎግ ቀ(ነ)» ዲሪቬቲቭ ነው። ፖሊኖሚያሎቹ ከቀ(0) = 1 እና ከቀ(1) = ዘ ተነስተው በዚህ ቀመር ይወጣሉ፦

ቀ(ነ+1)·ቀ(ነ−1) = ዘ·ቀ(ነ)² − 4·[ቀ(ነ)·ቀ″(ነ) − ቀ′(ነ)²]

በትክክል ከተሰላ ቀ(2) = ዘ³ + 4፣ ቀ(3) = ዘ⁶ + 20ዘ³ − 80፣ ቀ(4) = ዘ¹⁰ + 60ዘ⁷ + 11200ዘ ይሆናል።

አሁን በቅንፉ ፊት ያለውን 4 አንስተው በእሱ ፈንታ ማንኛውንም ቁጥር ከ ያስገቡ። ቀ(2) = ዘ³ + ከ፣ ቀ(3) = ዘ⁶ + 5ከዘ³ − 5ከ² ይወጣል። ማካፈሉ እዚህም ያለ ቀሪ ነው፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው ይቀጥላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዘን በአንድ ቋሚ ቁጥር ማባዛት 4ን ወደ ከ ይለውጠዋል እንጂ የቀመሩን አካል አይነካም። ስለዚህ ያለ ቀሪ መካፈሉ ስለ 4ቱ የሚነግረን ነገር የለም። የእርስዎ ቀ(2) ዘ³ − 4 ሆኖ ከሆነ ምልክቱን አዛብተዋል፤ ያገኙት መፍትሔም የሌላ እኩልታ፣ ማለትም የወ″ = 2ወ³ − ዘ·ወ − አ ነው። የምንጠረጥረውም ይህንኑ ነው። ቀመሩን ከአንድ ጽሑፍ፣ እኩልታውን ከሌላ ጽሑፍ ወስዶ ማጣመር በዚህ መስክ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ደራሲያን ዘን የሚመዝኑበት ልክ ይለያያልና።

ማካፈል የሚይዘው ሌላ ዓይነት ስህተት ነው። በቅንፉ ውስጥ መቀነስ የነበረበትን ደምረው ቢጽፉ ቀ(2) = ዘ³ − 4፣ ቀ(3) = ዘ⁶ − 68ዘ³ + 112 ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ቀ(2)ን ለማግኘት የምናካፍለው በ1፣ ቀ(3)ን ለማግኘት ደግሞ በዘ ብቻ ስለሆነ ማካፈሉ ብዙም አይፈትንም። ቀ(4) ላይ በዘ³ − 4 ሲካፈል ግን ቀሪ ይመጣል። የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ቀ(4) ነው ማለት ነው፤ ሁለቱን አይቶ «ይሰራል» ማለት አይገባም።

4ቱን ለመፈተን ከመጀመሪያው ቀጥሎ የሚመጣውን ኮፊሸንት ይመልከቱ። የሁለት ከፍተኛ ርቢዎችን ኮፊሸንት ከቀመሩ ላይ ብቻ ለይቶ ማስላት ይቻላል፤ ውጤቱም (ነ−1)·ነ·(ነ+1)·(ነ+2) ሲካፈል ለ6 ነው። ለነ = 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሲሰላ 4፣ 20፣ 60፣ 140 ይሰጣል፤ ለነ = 20 ደግሞ 29260። የቀ(5) ዘ የሌለበት ቁጥር −6272000 ነው። እነዚህን በፕሮግራሙ ውስጥ ቋሚ ማረጋገጫ አድርገው ያስቀምጡ። ወ ምልክቱን ቀይሮ ከመጣ ደግሞ ሁለቱ ፖሊኖሚያሎች በሎጋሪዝሙ ውስጥ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ያኔ የያዙት የአ = −ነ መፍትሔ ነው።

አንድ የአሰራር ምክር እንጨምር። ስሌቱን በወ አያካሂዱ። ወን ከወ እያወጡ በክፍልፋይ መልክ መሄድ ኮምፒውተሩን ጥቂት እርምጃ ሳይሄድ ያንቀዋል። ኮፊሸንቶቹን በሙሉ በኢንቲጀር ይያዙ፤ ቀኙን ክፍል ዘርዝረው በፖሊኖሚያል ማካፈያው ትዕዛዝ ያካፍሉ፤ ቀሪው ዜሮ ካልሆነ ፕሮግራሙ እዚያው ይቁም። አጠቃላዩን የማቅለያ ትዕዛዝ መጥራት ያዘገያል፤ ከዚያም ብሶ ቀሪ መኖሩን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ የቀ(20)ን ሥሮች በሥዕል ሳወጣ በጽሑፎች ላይ የሚታየው ሦስት ማዕዘን አልመጣም። ውጪ ያሉት ነጥቦች በክብ ተበትነዋል። ኮፊሸንቶቹ ትክክል መሆናቸውን አረጋግጫለሁ።

መልስ፦ የቀ(ነ) ዲግሪ ነ(ነ+1)/2 ስለሆነ ቀ(20) ባለ 210 ዲግሪ ነው። የተለመደው የኮምፒውተር አኃዝ የሚይዘው 16 ገደማ አሥርዮሽ አኃዞችን ነው። ኢንቲጀር የነበሩት ኮፊሸንቶች ወደዚያ ሲለወጡ ጫፋቸው ይቆረጣል፤ የፖሊኖሚያል ሥሮች ደግሞ ለኮፊሸንት ለውጥ እጅግ ስሜታዊ ናቸው። ከ1 እስከ 20 ያሉ ቁጥሮች ሥሮቹ የሆኑለት ባለ 20 ዲግሪው የዊልኪንሰን ፖሊኖሚያል እንኳ አንዱ ኮፊሸንት በ2⁻²³ ሲነካ በርካታ ሥሮቹ ኮምፕሌክስ ይሆናሉ። በ210 ዲግሪ የሚሆነውን እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ዲግሪውን ይቀንሱ። ቀ(ነ) የዘ³ ፖሊኖሚያል ነው፤ ነ ለ3 ሲካፈል 1 የሚተርፍ ከሆነ ብቻ አንድ ዘ በፊቱ ይወጣል። ሰ = ዘ³ ብለው ሲተኩ ቀ(20) ባለ 70 ዲግሪ ይሆናል። ቀጥሎ ሥሮቹን በከፍተኛ ትክክለኛነት ያስሉ፦ በ50 አኃዝ አንዴ፣ በ100 አኃዝ አንዴ። በሁለቱም የሚስማሙትን አኃዞች ብቻ ይመኑ። ለፓይተን ኤምፒማት፣ ለብቻው የሚሄድ ፕሮግራም ከፈለጉ ኤምፒሶልቭ ይህን ይሰራሉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሰ ሦስት ኩብ ሥሮች ይውሰዱ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው አለ። ሰን ከተጠቀሙ በኋላ ሥዕሉ በ120 ዲግሪ ሲዞር ራሱን መምሰሉ ማረጋገጫ መሆኑ ይቀራል፤ እርስዎ ራስዎ ያስገቡት ነውና ሥሮቹ ሁሉ የተሳሳቱ ቢሆኑም ይመስላል። በምትኩ የሰ ሥሮችን ይደምሩ፤ ድምሩ −29260 መሆን አለበት። ሪያል ሥሮችንም ይቁጠሩ። የቀ(ነ) ሪያል ሥሮች ብዛት የ(ነ+1)/2 ሙሉ ክፍል ነው፤ ለነ = 20 ይህ 10 ይሰጣል። የተለያየ ነ ያላቸውን ሥዕሎች አንዱን በሌላው ላይ ለመደረብ ሥሮቹን በነ^(2/3) ያካፍሉ። የሚሞሉት ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ቅርጹን በክንግሃምና ሚለር በ2014፣ በርቶላና ቦትነር በ2015 በዝርዝር አውጥተውታል።

ጥያቄ፦ ወ″ = 2ወ³ + ዘ²·ወ − ዘ የፔንለቬን ፈተና አልፏል። በፕሮፖዛሌ ላይ «ኢንተግረብል ነው» ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ አይጻፉ፤ እኩልታው ፈተናውን አላለፈም። ፈተናው የሚጠይቀው መፍትሔው ወደ ማለቂያ የሌለው በሚያድግባቸው ነጥቦች (ፖሎች) ዙሪያ ያለ ሎጋሪዝም በርቢዎች ብቻ መዘርዘሩን ነው። ምናልባት የፈተኑት አንዱን ቅርንጫፍ ብቻ ነው።

ከአንድ ነጥብ ያለውን ርቀት ረ እንበለው። ወ እንደ መ/ረ ሲያድግ የግራውና የቀኙ መሪ ክፍሎች እንዲመጣጠኑ መ² = 1 መሆን አለበት። ስለዚህ መ = 1 እና መ = −1 ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ናቸው። በሁለቱም ነፃ ኮፊሸንት የሚገባባቸው ቦታዎች (ሬዞናንሶቹ) −1 እና 4 ናቸው። −1 የነጥቡን ቦታ መምረጥ መቻላችንን ይነግረናል፤ ፈተናው ያለው 4 ላይ ነው። ተከታታዩን መ/ረ + መ₁ + መ₂ረ + መ₃ረ² + መ₄ረ³ ብለው ሲያስገቡ፣ በረ ደረጃ ላይ 6መ₄ ከግራም ከቀኝም ይመጣና ይጠፋፋል። ለወ″ = 2ወ³ + ፈ(ዘ)·ወ + ገ(ዘ) የሚተርፈው ሁኔታ ይህ ነው፦

መ·ፈ″/2 + ገ′ = 0

በእርስዎ እኩልታ ፈ″/2 = 1፣ ገ′ = −1 ነው። መ = 1 ሲሆን 1 − 1 = 0፣ ስለዚህ ያልፋል። መ = −1 ሲሆን ግን −2 ይመጣል፤ እሱን ለመሸፈን −(2/5)·ረ³·ሎግ ረ የሚል ክፍል ማስገባት ግድ ይሆናል። ሎጋሪዝም ከገባ ደግሞ ወድቋል። ሁለቱም ቅርንጫፎች እንዲያልፉ ፈ″ = 0፣ ገ′ = 0 መሆን አለበት። ማለትም ፈ ቀጥተኛ፣ ገ ቋሚ ይሆናሉ፤ ይህ ደግሞ በሚዛን ለውጥ ራሱ ሁለተኛው የፔንለቬ እኩልታ ነው፣ ፈ ቋሚ ከሆነም በኢሊፕቲክ ፋንክሽን የሚፈታ ነው።

ሌላ እኩልታ ሁለቱንም ቅርንጫፍ ቢያልፍ እንኳ ቃሉ «ፈተናውን አልፏል» እንጂ «ኢንተግረብል ነው» አይደለም። ፈተናው የሚያየው ፖሎችን ነው፤ ቦታውን የሚቀይር ኢሴንሺያል ሲንጉላሪቲ (ከፖል የባሰ ብልሽት ያለበት ነጥብ) ካለ አይታየውም። ለጠንካራው ቃል ላክስ ፔር ያስፈልጋል፤ ይህም ሁለቱ አብረው እንዲሟሉ እኩልታችን ግድ የሚሆንባቸው የመስመራዊ እኩልታዎች ጥንድ ነው። እሱም ቢሆን መመርመር አለበት፤ ካሎጄሮና ኑቺ በ1991 እንዳሳዩት ምንም የማይጠቅም ላክስ ፔር በርካሽ ይጻፋል። ስፔክትራል ፓራሜትሩን (በጥንዱ ውስጥ ያለውን ነፃ ቁጥር) በጌጅ ለውጥ፣ ማለትም የጥንዱን ፋንክሽኖች በማትሪክስ አባዝቶ በመቀየር፣ ማጥፋት ከተቻለ ያ ጥንድ ስለ እኩልታው የሚናገረው የለም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ፖሊኖሚያሎች ከሶሊቶን (ቅርጹን ሳይቀይር ከሚጓዝ ሞገድ) ጋር ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ያለን ሞገድ በሚገልጸው በኮርተቬግ–ደ ፍሪስ እኩልታ በኩል ነው የሚገናኙት። ቦታን ሸ፣ ጊዜን ተ ብለን፣ መስመራዊ ያልሆነው ክፍል +6 ባለበት አጻጻፍ፣ መፍትሔው የታው ፋንክሽን (መፍትሔው የሚወጣበት ረዳት ፋንክሽን) ሎጋሪዝም ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ በ2 ተባዝቶ ነው። ታው = ሸ ቢሆን −2/ሸ² ይወጣል። ቀጣዩ ታው ሸ³ + 12ተ ነው። ዘ = ሸ/(3ተ)^(1/3) ብለው ቀ(2) ውስጥ ሲያስገቡ ዘ³ + 4 = (ሸ³ + 12ተ)/(3ተ) ይሆናል፤ አንድ ናቸው ማለት ነው። እነዚህ መፍትሔዎች ግን ፖል ስላላቸው የውሃ ላይ ሞገድ አይደሉም። ጥቅማቸው ሌላ ነው፦ ኤሮ፣ መኪንና ሞዘር በ1977 እንዳሳዩት ፖሎቹ የካሎጄሮ–ሞዘርን ቅንጣቶች (በመስመር ላይ ሆነው እርስ በርስ ኃይል የሚያሳርፉ ቅንጣቶች) ሕግ ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። ያነበቡት ጽሑፍ −6 ከተጠቀመ የመፍትሔው ምልክት ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ በኮፊሸንቶቹ ላይ ያልተጻፈ የሚመስል ሥርዓት አገኘሁ። አዲስ መሆኑን እንዴት ላጣራ? ለመመረቂያስ ይበቃል?

መልስ፦ ሳይፈልጉ በፊት ሚዛኑን ያስተካክሉ። መሪ ኮፊሸንቱን 1 ያድርጉ፤ በየደረጃው የሚመላለሰውን የ4 ርቢ አካፍለው ያውጡ። ለምሳሌ 4፣ 20፣ 60፣ 140 ለ4 ሲካፈል 1፣ 5፣ 15፣ 35 ነው፤ እሱም የታወቀው የፓስካል ሦስት ማዕዘን ዓምድ ነው። በጥሬው ተፈልጎ ያልተገኘው እንዲህ ሲቀልል ወዲያው ይታወቃል። ቅደም ተከተሉን በኢንተርኔቱ የኢንቲጀር ቅደም ተከተሎች መዝገብ፣ ቀመሮቹን በአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ዲጂታል የፋንክሽኖች ቤተ መጻሕፍት ምዕራፍ 32 ላይ ይመልከቱ። በአርካይቭ (የቅድመ ሕትመት ጽሑፎች ድረ ገጽ) ላይም የኢንተግረብል ስርዓቶች ክፍል ራሱን ችሎ አለ፤ ሆኖም የውክልና ንድፈ ሐሳብና የራንደም ማትሪክስ ሰዎች ያንኑ ነገር በሌላ ስም ጽፈውት ይሆናልና እዚያም ይፈልጉ።

እስከ ነ = 50 መስራቱ ብቻውን ለመመረቂያ አይበቃም። ማረጋገጫ ፍለጋ በተደጋጋሚው ቀመር ላይ ከመታገል የሮንስኪያን (የፋንክሽኖችና የዲሪቬቲቮቻቸው ዲተርሚናንት) መንገድ ይሻላል። የኤክስፖኔንሺያል (ዘ·ለ − 4ለ³/3) ዝርዝር ውስጥ የለ ርቢዎችን ኮፊሸንቶች ፐ₀፣ ፐ₁፣ ፐ₂… ይበሉ። ቀ(ነ) በቋሚ ቁጥር ተባዝቶ የፐ₁፣ ፐ₃፣ … ፐ(2ነ−1) ሮንስኪያን ነው፤ ይህን ካጂዋራና ኦታ በ1996 ሰጥተውታል። የፐ₃ ዲሪቬቲቭ ፐ₂፣ የፐ₂ ፐ₁ ስለሆነ ዲተርሚናንቱን ለመሙላት ዲሪቬቲቭ ማስላት እንኳ አያስፈልግም። ለነ = 2 ፐ₁ = ዘ፣ ፐ₃ = ዘ³/6 − 4/3፤ ሮንስኪያኑ (ዘ³ + 4)/3 ነው፣ በ3 ሲባዛ ቀ(2)። ፖሊኖሚያል መሆኑ እዚህ ያለ ክርክር ይታያል፤ በመጀመሪያው ቀመር ግን ማካፈል ስላለበት የተለየ ማረጋገጫ ይጠይቃል። የኮፊሸንት ሥርዓትዎን በዲተርሚናንቱ ዓምዶች ቋንቋ መጻፍ ከቻሉ ማረጋገጫው ብዙ ጊዜ ግማሽ መንገድ ሄዷል። ካልቻሉ ያንኑ ሥርዓት በአራተኛው የፔንለቬ እኩልታ የኦካሞቶ ፖሊኖሚያሎች ላይ ይሞክሩት፤ እዚያም ከታየ ምክንያቱ ከቀመሩ ጠለቅ ያለ ነው፣ ከአማካሪዎ ጋር ስለ መመረቂያ መነጋገር የሚቻለውም ያኔ ነው።