የጌም ጊታርና የእውነት ጊታር፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሐዋሳ ውስጥ ጊታርና ክራር አስተምራለሁ። ማታ ማታ ደግሞ የሙዚቃ ጌም እጫወታለሁ። ይሄን የሚያውቁ ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ሰሞኑን "ስለ ጌምና ስለ መሣሪያ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ስድቦቹን ዘልያቸዋለሁ።

ከአቶቴ፣ እናት፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ልጄ 11 ዓመቱ ነው። አጎቱ ከውጭ ያመጣለትን የፕላስቲክ ጊታር አንግቶ ቲቪው ፊት ይውላል። ጊታር እየተማረ ነው ብዬ ልተወው?

ይተዉት እህቴ። ጊታር እየተማረ ነው ብለው ግን አይደለም። ያ ጊታር ክር የለውም። አንገቱ ላይ አምስት ባለ ቀለም ቁልፎች አሉ፤ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ። ሆዱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚል መምቻ አለ። ስክሪኑ ላይ ቀለሙ ሲመጣ ልጁ ቁልፉን ይዞ በሰዓቱ ይመታል። ካገኘው አስቀድሞ የተቀዳው ጊታር ይሰማል። ከሳተው ጊታሩ ዝም ይላል፣ ዘፈኑ ግን ይቀጥላል። ድምፁን የሚያወጣው ልጅዎ አይደለም ማለት ነው። ሌላ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ የተጫወተውን በሰዓቱ እየከፈተ ነው።

ሰዓት መጠበቅ ግን ቀላል ነገር እንዳይመስልዎት። ጀማሪ ሲመጣልኝ ከጣቱ በላይ የሚያስቸግረኝ ምቱ ነው። የሚያውቀው ቦታ ላይ ይሮጣል፣ የከበደው ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሲሳሳት ከመጀመሪያው ልጀምር ይላል። ጌም የለመደ ልጅ አይቆምም። ዘፈኑ እንደማይጠብቀው ያውቃል፤ ስቶም ቢሆን ቀጣዩ ላይ ይደርሳል። ከሌሎች ጋር አብሮ ለመጫወት ዋናው ነገር ይሄ ነው። ስለዚህ ጌሙን አይከልክሉት። አጠገቡ ግን አንድ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ያስቀምጡለት። ምን እንደሚገዙ ታች አለ።

አንድ ወጣት፦ ብሮ፣ ያን የፕላስቲክ ጊታር ጌም፣ ጊታር ሂሮን፣ ኤክስፐርት የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ ነው የምጨርሰው። የእውነቱን በስንት ጊዜ እለምዳለሁ?

ከባጃጅ ኋላ ተቀምጠህ ከመናኸሪያ እስከ አሞራ ገደል ያለውን መታጠፊያ ሁሉ ልታውቅ ትችላለህ። መሪውን ሲሰጡህ ግን ሌላ ነው። ያንተም ነገር እንደዚያ ነው። ቀኝ እጅህ ከሌላው ጀማሪ ይቀድማል፣ ዓይንህና ጆሮህም ምት ይከተላሉ። ግራ እጅህ ግን ከዜሮ ይጀምራል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ጌሙ ላይ አምስት ቁልፍ በአንድ መስመር ነው ያለህ። ጊታር ላይ ስድስት ክር አለ፣ በእያንዳንዱ ክር ላይ ደግሞ ሃያ ገደማ ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለ መያዣ ቦታ። አንዱ ድምፅ ብዙ ቦታ ይገኛል። ቀጭኑን ክር ሳትይዝ ምታው፤ ያው ድምፅ ሁለተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ አለ፣ ሦስተኛው ክር 9ኛ ላይ አለ፣ አራተኛው ክር 14ኛ ላይም አለ። የትኛውን እንደምትይዝ የምትወስነው አንተ ነህ። ክሩን በደንብ ካልተጫንከው ይንጫጫል። አጠገቡ ያለውን ክር በጣትህ ጫፍ ከነካኸው ያ ክር ይታፈናል። ፕላስቲኩ ግን ቁልፉን በአውራ ጣትህ ብትጫነው እንኳ ግድ የለውም። የብረት ክር ደግሞ ጣት ያቆስላል። ጠንከር እስኪል ሳምንታት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም።

በስንት ጊዜ ላልከኝ፣ ቁጥር አልሰጥህም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚይዝ ሰው በሳምንት አንዴ ግማሽ ቀን ከሚይዘው ይበልጣል።

ከታቦር፣ ተማሪ፦ አምስት ቁልፍ አለው ብለሃል። ቅኝቶቻችንም አምስት ድምፅ ናቸው። ታዲያ ትዝታን በጌሙ ጊታር መጫወት አይቻልም?

ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ይሄን ወደድኩት። አይቻልም። ቁልፎቹ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም። አረንጓዴው አንድ ዘፈን ውስጥ ሶል ሊሆን ይችላል፣ እዚያው ዘፈን ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ሬ ይሆናል። ዜማው ሲወጣ ወደ ብርቱካናማው፣ ሲወርድ ወደ አረንጓዴው እንዲመስል ነው የሚደረደሩት። ከዘፈኑ ውጭ ስትጫናቸው ምንም አይሉም።

ክራር ተቃራኒው ነው። አምስት ወይም ስድስት ክር አለው፣ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ነው። ትዝታ ሜጀር ከፈለግህ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብለህ ትቃኘዋለህ። ወደ ባቲ ልሂድ ካልክ ክሮቹን እንደገና ታጠብቃለህ ወይ ታላላለህ። አምባሰልም አንቺሆዬም እንደዚያው። ክራር ለመጫወት ገና ስትነሳ ጆሮህ ሥራ ላይ ነው። ጌሙ ይሄን ሥራ በሙሉ ካንተ ላይ አንስቶታል። ደስ የሚለውም፣ የሚጎድለውም ለዚህ ነው።

አንድ ልጨምር። ክራርን በመምቻ ስትጫወት ቀኝ እጅህ ክሮቹን በሙሉ ይመታል። ግራ እጅህ ከኋላ ሆኖ እንዲሰማ የማትፈልገውን ክር ያፍናል። ጊታር ላይ የምትፈልገውን ትይዛለህ፣ ክራር ላይ የማትፈልገውን። ከጌም በቀጥታ ክራር የያዘ ልጅ እዚህ ጋ ነው የሚደናበረው።

የመዘምራን ድራመር፦ ሰላም ይብዛልህ ወንድሜ። ድራም የማገኘው ቤተክርስቲያን ስሄድ ብቻ ነው። ሮክ ባንድ የሚባለውን ጌም ድራም ላገኝ እችላለሁ። ለልምምድ ይረዳኛል?

አዎ። ከጌም መሣሪያዎች ሁሉ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ድራሙ ነው። አራት መምቻ ሰሌዳና አንድ የእግር ፔዳል አለው። ከፍተኛው ደረጃ ላይ የምትመታው ዘፈኑ ላይ ያለውን ምት ነው ማለት ይቻላል። እጅና እግር መለያየት፣ ምቱን ሳይለቁ ሮል መግባት፣ ሁሉም እዚያ ይለመዳል። እዚያ የተማረ እጅ ድራም ላይ አይጠፋም።

የሚጎድለው የኃይል ልዩነት ነው። ስኔር ላይ በቀስታ የምትነካቸው ትንንሽ ምቶችና ጮክ ያለው ምት ብዙዎቹ የጌም ድራሞች ላይ አንድ ናቸው። ሃይሃቱን፣ ጥንዱን ሲምባል፣ በግራ እግር መክፈትና መዝጋትም የለም። ጌም ብቻ የለመደ ድራመር አዳራሽ ሲገባ ሁሉን በአንድ ኃይል ይደበድባል። ዘማሪዎቹ ዞር ብለው ያዩታል። ይሄን ካወቅህ ታስተካክለዋለህ።

ደግሞ የጌሞቹ ዘፈኖች አብዛኞቹ በአራት የሚቆጠሩ ሮኮች ናቸው። በስድስት የሚቆጠረውን ቺክቺካ አታገኝም። ስድስቱን አንዴ ሁለት ጊዜ ሦስት፣ አንዴ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማት ያለብህ እዚሁ፣ ከእኛው ዘፈን ነው። ጭንህ ላይ እየመታህ ተለማመደው፤ ለዚህ መብራት አያስፈልግም።

ዘፋኝ ነኝ የምትል፦ የጌሙ ማይክስ?

ማይኩ የድምፅሽን ከፍታ ይለካል። ቃሉን አይሰማም፤ ብታንጎራጉሪም ነጥብ ይሰጥሻል። ከወንዱ ዘፋኝ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብለሽ ብትዘፍኚም ይቀበላል። ከድምፅ መውጣትሽን ወዲያው ስለሚነግርሽ ጥሩ ነው። ስለ ትንፋሽና ስለ ስሜት ምንም አይልም።

ከፒያሳ፦ በእውነተኛ ጊታር የሚጫወቱት ጌም አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። ዩቢሶፍት የሚባለው የጌም ኩባንያ በፈረንጆቹ 2011 ሮክስሚዝ የሚባል አውጥቷል። ኬብሉ በአንድ በኩል ጊታሩ ላይ፣ በሌላው በኩል ዩኤስቢ ላይ ይሰካል። ጌሙ የምታወጣውን ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ ጊታርህን ቃኝ ይልሃል፣ ስትችል ደግሞ ኖታ እየጨመረ ያከብድብሃል። ከዚያ በፊት በ2010 የወጣው ሮክ ባንድ 3 አንገቱ ላይ 102 ቁልፍ ያለው የፕላስቲክ ጊታር ነበረው። ስድስት ክር በአሥራ ሰባት ፍሬት መሆኑ ነው። ጣት የት እንደሚቀመጥ በደንብ ያስተምር ነበር።

ሮክስሚዝን ለሚችል ሰው እመክራለሁ። እጅህን ግን አያይም። አንጓህ ተቀጭቶ፣ ትከሻህ ተሰቅሎ ብትጫወት እንኳ ጎበዝ ይልሃል። በወር አንዴም ቢሆን የሚያይህ ሰው ፈልግ። አዲሱ ሮክስሚዝ ፕላስ በደንበኝነት ክፍያ ነው፤ ከእዚህ ሆኖ መክፈል ራስ ምታት ነው።

ተማሪ፦ ስልኬ ላይ የፒያኖ ጌም አለኝ፣ ግን ሁሌ የዘገየሁ ያስመስለኛል።

በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው የምትጫወቺው? ድምፁ አየር ላይ ሲመጣ ይዘገያል። በሽቦ ሞክሪ፣ ካልሆነም ሴቲንግ ውስጥ ማስተካከያ ፈልጊ። ፒያኖ ያስተምራል ወይ ካልሽ፣ አያስተምርም። ጥቁሩን ካሬ የትም ብትነኪው የሚቀጥለውን ድምፅ ራሱ ያወጣዋል።

የድሮ ጌመር፦ እነዚህ የፕላስቲክ ጊታሮች የት ገቡ?

ጊታር ሂሮ በ2005 ወጣ፣ የሠራው ሃርሞኒክስ ነው። እነሱው በ2007 ድራምና ማይክ ጨምረው ሮክ ባንድን አመጡ። ገበያው ጦፈ። ከዚያ በላይ በላዩ አዲስ ጌም፣ በላይ በላዩ አዲስ ፕላስቲክ ሆነ፤ የሰው ሳሎን ሞላ። በ2011 መጀመሪያ አሳታሚው አክቲቪዥን የጊታር ሂሮን ክፍል ዘጋው። በ2015 ጊታር ሂሮም ሮክ ባንድም ተመልሰው ነበር፣ የድሮው ገበያ ግን አልተመለሰም። ሃርሞኒክስን በ2021 የፎርትናይት ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ ገዛው። 2023 መጨረሻ ላይ ፎርትናይት ውስጥ የገባው የሙዚቃ ጌም የእነሱ እጅ ነው። አሁን ላይ ኮምፒውተር ያለው ሰው ክሎን ሂሮ የሚባለውን በነፃ አውርዶ በኪቦርዱ መጫወት ይችላል።

አንድ አዛውንት ሙዚቀኛ፦ ልጄ፣ እኛ ክር ሲበጠስ ጠግነን ነው ያደግነው። ይሄ ጌም ልጆቹን ያሰንፋል።

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኔ ጋ የሚመጡት ልጆች ግማሾቹ መጀመሪያ ጌም ላይ ነው ሙዚቃ የጣማቸው። ልጅን ከመሣሪያ የሚያሸሸው ይልቅ የመጀመሪያው ወር ነው። ጣት ያማል፣ ድምፁ ያስጠላል፣ ቤተሰብ "አቁም በቃ" ይላል። ጌሙ ገና ሲነሳ ጀግና ያደርገዋል፣ ጊታሩ አያደርገውም። ያን ወር አብረነው ብንቀመጥ ይሻላል። እርስዎም ቢመጡልን ደስ ይለናል።

ብዙ ሰው የጠየቀው፦ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ምን ልግዛ?

ለልጅ ከሆነ ክራር። ቀላል ነው፣ የናይሎን ክሩ ጣት አይጎዳም፣ ቶሎም ዜማ ይወጣዋል። ጊታር ካላችሁ ባለ ናይሎን ክሩን፣ ለትንሽ ልጅ ደግሞ መጠኑ ያነሰውን። ከመግዛታችሁ በፊት የሚጫወት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። አንገቱ የተጣመመ ጊታር በነፃ ቢሰጧችሁም ውድ ነው። መቃኛ አፕ ስልክ ላይ በነፃ አለ። ለጌም ብላችሁ አሮጌ የፕላስቲክ ጊታር በውድ አትግዙ።

የሶፍትዌር ተማሪ፦ የክራር ጌም መሥራት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

ከመቃኘቱ። የመጀመሪያው ደረጃ ክሩን ማጥበቅና ማላላት ይሁን፣ ስልኩ በማይኩ ይስማው። ተጫዋቹ ቅኝቱን ራሱ ይምረጥ። ከዚያ ቺክቺካን በዝግታ አስገባው፤ የሚታፈኑትን ክሮች በሌላ ቀለም አሳይ። ነጥብ የሌለበት፣ እንዳሻው የሚመታበት አንድ ክፍል አትርሳ። ጌሞቹ ሁሉ የዘለሉት እሱን ነው። ክራር ይዞ የሚፈትንልህ ሰው ካጣህ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ።