ወንድሜ «አንቺ እዚያ ትጨፍሪያለሽ» አለኝ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ወላጆቼ ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ናቸው። በ2015 ክረምት ጦርነቱ ከተፋፋመ ወዲህ ስልካቸው አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። በቅርቡ የጓደኛዬን ልደት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ደብረ ማርቆስ ያለው ታላቅ ወንድሜ አይቶት «እኛ እዚህ እንሞታለን፣ አንቺ ትጨፍሪያለሽ» አለኝ። ተኳርፈናል። ሌሊት ለወላጆቼ ስደውል አድራለሁ። የሚድ ፈተና ደርሷል፣ ያነበብኩት አይገባኝም። ደካማ ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደካማስ አይደለሽም። ሐዘን ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል፣ እርም ይወጣል። አንቺ ግን ለቅሶም ደስታም የሌለበት መሀል ላይ ነሽ። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ቬትናም ላይ የጠፉ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ስታጠና ያየችው ይህንኑ ነው። ሞተ እንዳይሉ ሬሳ የለ፣ አለ እንዳይሉ ድምፅ የለ። አለማወቁ ራሱ ነው የሚያደክመው።

የወንድምሽ ቃል ያማል፤ ቂም ግን አይመስለኝም። ተኩስ ሲሰማ ያደረ ሰው ንዴቱን የሚወጣው በሚቀርበው ሰው ላይ ነው። ቀድመሽ ደውዪለት። ስለ ፎቶው አትከራከሪ። «እንዴት አደርክ? ከእማዬ ወሬ አለ?» ብለሽ ጀምሪ። ሲረጋጋ ግን እውነቱን ንገሪው፦ አንቺ ሳቅ ብትተዪ እዚያ ተኩሱ አይቆምም። የቤተሰብ ፍቅር በመራብና ባለመሳቅ የሚለካ ይመስል ራሳቸውን የሚቀጡ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ማንንም አይጠቅምም።

የሌሊቱን ስልክ ተይው። «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ሃያ ጊዜ መስማት እንቅልፍ ከመንሳት በቀር የሚፈይደው የለም። ጠዋት ከክላስ በፊት አንዴ፣ ማታ ከራት በኋላ አንዴ ሞክሪ። ከወንድምሽ ጋርም ተስማሙ፤ ከገጠር ወሬ ያገኘ ቀን «ደህና ናቸው» የምትል አጭር ቴክስት ይላክልሽ። ስትተኚ ስልኩን ለዶርም ጓደኛሽ ስጫት። ቀልዴን አይደለም! ፌስቡክ ላይ የሚለቀቀው የሬሳ ቪዲዮም በዚያው ይቀርልሻል።

ጥናቱን ብቻሽን አትጋፈጪው። ከአንድ ጓደኛሽ ጋር ላይብረሪ ግቢ፣ ሃያ ደቂቃ አንብቢ፣ ያነበብሽውን ንገሪያት፣ ተነሥታችሁ ሻይ ጠጡ። ለጊዜው ይህ ይበቃል።

እንቅልፍ ማጣቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም ምግብ አልበላ ካለሽ፣ የግቢውን የምክር አገልግሎት ቢሮ አነጋግሪ። መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ዛሬውኑ፣ ከምታምኚው ሰው ጋር ሂጂ። ለመምህርሽም ከሚዱ በፊት ንገሪው፤ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።