«እጄ ወረቀት ላይ እሺ ይለኛል፤ ኮምፒውተር ላይ እምቢ አለ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በእርሳስ እሥላለሁ። አሁን ለልጆች ተረት የሚሆኑ ሥዕሎችን በኮምፒውተር መሥራት አምሮኝ ክሪታ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም ጫንኩ። ስከፍተው የብሩሹ ብዛት ግራ አጋባኝ። በማውስ ደግሞ አንድ ደህና መስመር እንኳ ማስመር አቃተኝ። እንደምንም አንዲት ወፍ ሥዬ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ጄፔግ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀመጥኳት። በማግስቱ ስከፍታት መስመሩም ቀለሙም አንድ ላይ ተጣብቆ ጠበቀኝ። ፎቶሾፕ ካልገዛሽ አይሆንልሽም የሚሉኝም አሉ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎቶሾፕን ለጊዜው ተዪው። ክሪታ ነፃ ነው፤ የሚሠሩትም ሰዎች ሠዓሊን አስበው ነው የሚሠሩት። ፎቶሾፕ ጥሩ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ግን አንቺ አሁን የሚያስፈልግሽ ነገር ሁለቱም ላይ አለ። እሱም ሌየር ነው። ፎቶሾፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ ሌየር አልነበረውም፤ ያገኘው በ1994 በ3ኛው ስሪቱ ነው። ሌየር ማለት ከሥሩ ያለውን እንደ መስኮት መስታወት በሚያሳዩ፣ በተደራረቡ ወረቀቶች ላይ መሥራት ነው፤ አንዱን ስትቀቢ ሌላው አይነካም። ይህን የያዘ ሰው ሌላውን ቀስ እያለ ይደርስበታል።

ስለዚህ ብሩሹን ሁሉ ልሞክር አትበይ። ጠርዙ የማይደበዝዝ አንድ ብሩሽ ምረጪና በእሱ ሥሪ።

እርሳሱንም አትጣዪው። እኔ የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ነው የምሠራው፤ ረቂቄን ዛሬም የማወጣው በወረቀት ነው። አንቺም ወረቀት ላይ ሥዪና ጥላ ሳይወድቅበት ከላይ ቀጥ አድርገሽ ፎቶ አንሺው። በክሪታ ክፈቺው። ወረቀቱ በፎቶ ግራጫ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሌቭልስ የሚባለውን ማስተካከያ አውጪና በቀኝ ያለውን ነጭ ምልክት ወረቀቱ እስኪነጣ ድረስ ወደ ግራ ሳቢው። ከዚያ የሌየሩን ዓይነት ከኖርማል ወደ መልቲፕላይ ቀይሪ።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ነገር በደንብ እንድታውቂው እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው ሳይገባው ነው የሚጠቀምበት። ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር ይመዘገባል። ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው። መልቲፕላይ ነጩን እንደ 1 ቆጥሮ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር ያባዛዋል። በ1 የተባዛ ቁጥር ያው ራሱ ነው። ስለዚህ ነጩ ወረቀት ይጠፋና የታችኛው ቀለም ይታያል። ጥቁሩ 0 ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የእርሳስ መስመርሽ ሳይላጥ፣ ሳይቆረጥ፣ እንዳለ ከላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

አሁን ከሥሩ አዳዲስ ሌየር ክፈቺና ቀለም ቀቢ። ክንፉን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ፣ ጀርባውን ለብቻ አድርጊ። ለሌየሮቹ ስም ስጫቸው፤ የኔዎቹ «መስመር»፣ «ቆዳ»፣ «ልብስ»፣ «ጥላ» ይባላሉ። ስም የሌላቸው ሌየሮች ሲበዙ ፍለጋው ራሱ ሥራ ይሆናል። የክንፉን ቅርፅ ሞልተሽ ስትጨርሺ አልፋውን፣ ማለትም በሌየሩ ላይ ቀለም ያልነካውን ባዶ ቦታ፣ ቆልፊው። ከዚያ በኋላ ላባውን ስታሳምሪ ቀለሙ ከቅርፁ አይወጣም። ለጥላም ሌላ መልቲፕላይ ሌየር ጨምሪ። ጥቁር ግን አትጠቀሚ፤ ሥዕሉን ያቆሽሸዋል። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሞክሪ፤ ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ።

ስትጀምሪ የሥዕሉን መጠን ትልቅ አድርጊው። መጽሐፍ ላይ ይታተማል ብለሽ ካሰብሽ ለኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል (ሥዕሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ያስፈልግሻል፤ ይህ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው። ትንሽ ሥዕል በኋላ ሲለጠጥ ይደበዝዛል።

ወፏን በተመለከተ፣ ጄፔግ ሌየር አይዝም፤ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ያደርጋል። እየከፈትሽ እንደገና ባስቀመጥሽው ቁጥር ደግሞ ከጥራቱ ይቀንሳል። በጣም አዝናለሁ፣ ከዚያ ፋይል ሌየሮቹን መመለስ አይቻልም። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ በክሪታ በራሱ ዓይነት፣ በኬአርኤ፣ አስቀምጪ። ለሰው ለመላክ ስትፈልጊ ብቻ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት ኮፒ አውጪ።

ማውሱ ያስቸገረሽ እጅሽ ስለሰነፈ አይደለም። ማውስ ጫና አያውቅም፤ ጠበቅ አድርገሽም ያዢው ላላ አድርገሽ፣ መስመሩ አንድ ዓይነት ነው። ደግነቱ መስመሩን ከወረቀት ስላመጣሽው፣ ቀለም ለመሙላት ማውስም ይበቃል። ገንዘብ ስታገኚ ጫና የሚለይ ብዕር ያለው የሥዕል ታብሌት ግዢ። ስክሪን የሌለው ርካሹ ይሁን፤ ለጀማሪ በቂ ነው። እጅሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ዓይንሽ ስክሪን ላይ ስለሚሆን መጀመሪያ ግር ይልሻል። ታብሌቱን ከስክሪኑ ፊት ለፊት ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው፤ ጠመም ካለ መስመርሽም አብሮ ይጣመማል። እጅሽ እስኪለምድ ደግሞ የክሪታን ስታቢላይዘር አብሪው፤ የሚንቀጠቀጠውን መስመር ያረጋጋልሻል።