የማትጥል ዶሮ፣ አዝመራ የሚያበላሽ ጭላዳ፣ የነከሰ ውሻ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አንዲት አንባቢ ከዶሮዎቻቸው መካከል እንቁላል የማይጥሉትን ለይተው ለማረድ ፈልገዋል። ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ በሚዳሰሱት ሁለት ሹል አጥንቶች መካከል ጣትዎን ያሳርፉ፤ ሁለት ጣትና ከዚያ በላይ ከያዘ ትጥላለች፣ አንድ ብቻ ከሆነ አቁማለች። ላባዋን የምታራግፍ ዶሮ ግን ለጊዜው ብቻ ስለምታቆም አይቸኩሉባት።

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ የገባባቸው አንባቢ የተረፉትን ዶሮዎች ሳይሞቱ ቢሸጡ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። አይሽጡ፤ በሽታውን ለገበያተኛው ሁሉ ያከፋፍላሉ። የሞቱትን በጥልቀት ቀብረው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ።

ገብሳቸውን ጭላዳ የሚያበላሽባቸው የመንዝ ገበሬ መግደል ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። አይፈቀድም። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፤ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንም በሕግ የተከለከለ ነው። አዝመራው እስኪሰበሰብ ዘብ ያቁሙ፣ ጉዳቱንም ለወረዳው ያመልክቱ።

የመጨረሻው ደብዳቤ እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ ሕፃን በውሻ ስለተነከሰ የሰፈሩ ሰዎች ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ የተቀባ ሥጋ ለመበተን ተስማምተዋል፤ ጸሐፊው የትኛው መርዝ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። የመርዝ ስም ከእኔ አያገኙም። ስለ ሕፃኑ ሕክምና ግን አንድም ቃል አልጻፉልኝም! ቁስሉ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ልጁም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውምና ይህን ለወጉ ያህል የምለው አይደለም።

መርዙ ክትባት ያገኘውንም ያላገኘውንም ውሻ አብሮ ይጨርሳል። ከየሉካንዳው ደጅ የሚጣለው አጥንትና ሆድ ዕቃ እስካለ ድረስ ደግሞ በሞቱት ቦታ ከሌላ ሰፈር የመጡና አዲስ የተወለዱ፣ ክትባት የማያውቁ ውሾች ይተካሉ። በአንጻሩ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ሲፈጅ፣ እንዳይስፋፋ የረዳው በዙሪያው የነበሩትን ቀበሮዎች ይዞ መከተብ ነበር።

ማስወገድ የሚገባ እንስሳ የለም አልልም፤ ያበደ ውሻ በባለሙያ እጅ መገደል አለበት። ሕፃኑን የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ግን ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ፤ የልጁ ሕክምና ይህን ውጤት ሳይጠብቅ ይጀመር። ለመርዙ የተዋጣው ገንዘብም ለክትባት ዘመቻ ይዋል፤ ወረዳውን ቀን አስቆርጡ።