ባሌስትራ ከመጨመርዎ በፊት አሞርዛተሩን ይመርምሩ

ከቢቸና የጻፉልን ጠያቂ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አላቸው። መኪናው ባዶውን በጠጠር መንገድ ሲሄድ የኋላው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጤፍ ተጭኖበት አንድ ጉድጓድ ሲያልፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ እየተወዛወዘ ይጓዛል። አንድ መካኒክ ተጨማሪ ባሌስትራ (ተደራርቦ የሚታሰር የብረት ቅጠል ሞላ) እንዲያስገቡ መክሯቸዋልና ምክሩን ይቀበሉት እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይቀበሉት። ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል፤ አሞርዛተር ግን ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው ባሌስትራው ተጭኖ ሲመለስ የሚፈጠረውን መወዛወዝ ማፈን ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲያልፍ የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ከረጅም የጠጠር ጉዞ በኋላ አሞርዛተሩ እጅ የሚያቃጥለው ለዚህ ነው። ዘይቱ ከፈሰሰ ወይም ቀዳዳዎቹ ተበልተው ከሰፉ ጎማው በየጉብታው ከመሬት ይነሣል፤ ከመሬት የተነሣ ጎማ ደግሞ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። በዚህ ላይ ባሌስትራ ቢጨምሩ ጠንካራው ባሌስትራ በበለጠ ኃይል ስለሚመለስ፣ የደከመው አሞርዛተር ከበፊቱ የከበደ ሥራ ይጠብቀዋል፤ ባዶ ሲነዱም የኋላው መዝለል ይብሳል።

ብዙ ሰው የመኪናውን ጥግ በእጁ ተጭኖ በመልቀቅ ይፈትናል። ይህ ለአውቶሞቢል ይጠቅማል፤ በባዶ ፒክአፕ ግን ባሌስትራው ጠንካራ ስለሆነ አሞርዛተሩ የሞተ ቢሆንም እንኳ መኪናው ብዙም ላይንቀሳቀስ ይችላል። ስለዚህ የአሞርዛተሩን የታችኛውን ቡሎን ፈትተው የተፈታውን ጫፍ በእጅዎ ይሳቡትና ይግፉት። ደኅና አሞርዛተር ከዳር እስከ ዳር እኩል ይከብዳል፤ መሐል ላይ በድንገት የሚቀልልዎ ከሆነ ግን አልቋል። በላዩ ላይ የያዘ ስስ የዘይት ወዝና አቧራ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። በዚሁ አጋጣሚ ባሌስትራውን ከአክሱሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖችና የባሌስትራውን ጎሚኒዎች (በማያያዣው ውስጥ የሚገቡትን ጎማዎች) ይመልከቱ፤ የኋላው ወደ ጎን የሚሸሸው እነዚህ ላልተው ወይም ተበልተው ሊሆን ይችላልና፣ ይህን ሳያዩ አዲስ አሞርዛተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሲገዙ የአሮጌውን ርዝመት ተዘርግቶም ተጨምቆም ለክተው ይሂዱ። በአንድ አክሱል ላይ ያሉትን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ሁለቱ ጎኖች መወዛወዙን እኩል አያፍኑም። ተበስቶ ዘይት ተሞልቶ በብየዳ የተዘጋ አሞርዛተር በርካሽ ቢቀርብልዎ አይግዙ፤ የገባው ዘይት ቅጥነት አይታወቅም፣ ጋዝ የነበረውም ጋዙን አጥቷል።

በሥራው ላይ ትልቁ ጣጣ የዛገ ዳዶ ነው። በዋዜማው ማታ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ይርጩበትና ይደር። እምቢ ካለ ዳዶውን በመጋዝ ይቁረጡት እንጂ በእሳት አያሙቁት፤ በአጠገቡ ያለው ዘይትና ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። የኋላዎቹን ጎማው መሬት እንደረገጠ መፍታት ይቻላል፤ በድንጋይ ጎማውን መደገፍዎን ብቻ አይርሱ። የፊቱን ሲፈቱ የታችኛውን ክንድ በክሪክ ይደግፉት፤ አለዚያ ክንዱ ወርዶ የፍሬኑን ጎማ ቱቦ ይወጥረዋል። በእርስዎ ዘመን ሃይሉክስ ከፊት ያለው እንደ ስሪቱ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ የብረት ዘንግ) ወይም ባሌስትራ ስለሆነ ሥራው አያስፈራም። ሞላው በአሞርዛተሩ ዙሪያ የተጠመጠመበት አዲስ መኪና ያለው ሰው ግን ሞላ መጭመቂያ መሣሪያ ሳይኖረው ፈጽሞ እንዳይነካው አደራ እላለሁ፤ የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል።

አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት በቁሙ ይዘው አምስት ጊዜ ያህል እስከ ዳር ይዘርጉትና ይጭመቁት፤ ተኝቶ ሲከርም ወደ ዘይቱ የገባው አየር በዚህ ይወጣል። የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በፒንሳ አይያዙ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ይህን ሳላውቅ ያጫጫርሁት አዲስ ዘንግ የማኅተሙን ጎማ ቀዶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዘይት ሲያፈስ አይቻለሁና አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። በአሞርዛተሩ ጫፍ ባለው ቀለበት (ዓይን) የሚያልፉትን ቡሎኖች በመጀመሪያ በልል ያስገቡ፤ የመጨረሻውን ጥብቀት የሚሰጡት መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ክብደቱን ሲጥል ነው። አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ካጠበቁት ጎሚኒው ተጠምዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ጫፉ በዓይን ፈንታ ዳዶ የሚታሰርበት ዘንግ ከሆነ ደግሞ ጎሚኒው እስከ ብረት ሳህኑ ጠርዝ እስኪሰፋ ድረስ ማጥበቅ ይበቃል።

500 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ ሁሉንም ቡሎኖች እንደገና ይሞክሯቸው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ጭነት ካለዎት ደግሞ ይህን ቁጥር ሳይጠብቁ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ደጀን ላይ ቆመው አንድ ጊዜ በቁልፍ ይፈትሹ።