የቡና ጓደኞቼን ካጣሁ ወዲህ ግፊቴ ጨመረ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 64 ነው። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ከሐይቅ ተነሥቼ ደሴ ልጄ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሐይቅ እያለሁ በኪኒን ልክ የነበረው የደም ግፊቴ አሁን 160 በ95 ደርሷል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትም አጣሁ። ልጆቼ «እርጅና ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን የቡና ጓደኞቼን ማጣቴ ይመስለኛል። ሞኝነት ይሆን?

መልስ፦ ሞኝነት አይደለም። በመጀመሪያ ግን ሐይቅ እያሉ ኪኒንዎን መቼ ይውጡ እንደነበር ያስታውሱ። ብዙ እናቶች የጠዋት ኪኒናቸውን የሚውጡት ከአቦሉ በፊት፣ ጎረቤት «ዋጥሽ ወይ?» ብላ ስትጠይቃቸው ነው፤ ቡናው ሲቀር ኪኒኑም ሳይታወቅ ይዘለላል። ወዳጅነት ጤናን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ይህን የመሰለ ተራ ነገር ነው፤ ወደ ቅሬ (የሰፈር ዕድር)፣ ወደ ገበያና ወደ ለቅሶ ቤት በእግር መሄድም እንዲሁ፣ ማንም ስፖርት ብሎ ባይጠራውም፣ ለልብ የሚጠቅም እንቅስቃሴ ነበር።

ሌላው መንገድ በሰውነት ውስጥ ያለ ነው። ብቸኝነት ሲረዝም አእምሮ እንደ ስጋት ይቆጥረውና እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖች እንዲጨምሩ ሊያደርግ ይችላል፤ እነዚህም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍንም ያውካሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 148 ጥናቶችንና ከ300,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ያህል የላቀ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ግንኙነትን ያሳያል እንጂ ምክንያቱ ያ ብቻ መሆኑን አያረጋግጥም፤ የታመመ ሰው ራሱ ከሰው ሊርቅ ይችላልና።

ስለዚህ ሁሉንም በብቸኝነት ማሳበብ የለብንም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ካረፉ በኋላ ግፊትዎን ይለኩ፤ ቁጥሩን ጽፈው በዚሁ ሳምንት ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ አይጨምሩም። የስኳር፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ ሊያስፈልግ ይችላል። ሐዘኑና የፍላጎት ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የሚሰማዎ ከሆነ የድብርት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይደብቁ ይንገሩት፤ ይታከማል። ግፊቱ 180 በ120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የአካል መዛል ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ልጅዎ በሰፈሩ ቅሬ ውስጥ ካለ ስምዎን ያስመዝግብልዎት፤ ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ ነገር ግን ሁለት ቀን ያልታየን ሰው በር የሚያንኳኳው እርሱ ነው። ሐይቅም ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በየሁለት ሳምንቱ መመላለስ የማይቻል አይደለም። ከአዲሶቹ ጎረቤቶችዎ ጋር ቡና ሲጀምሩ ግን ጨው የሚጨመርበትን ይተዉት፤ በቀን የሚወሰደው ጨው በጠቅላላ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ መብለጥ የለበትም። ጨዋታው በጫት ከሆነ ደግሞ፣ ጫት ግፊትን ስለሚጨምርና እንቅልፍን ስለሚነሣ፣ ጨዋታውን ይዘው ጫቱን ቢተዉት እመርጣለሁ። እስከዚያው ድረስ የሐይቋ ጎረቤትዎ በየጠዋቱ ስልክ ደውላ «ዋጥሽ ወይ?» ትበልዎት።